ለሠርግ ስለሚመረጥ የወይን ጠጅ

የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት በኢትዮጵያ የሠርግ ወራት መሆናቸውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ጊዜ ልጁን የሚድር ሰው በሬውንና በጉን፣ ማሩንና ጌሾውን፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ሲያሰናዳ ይከርማል። ከዚህ ሁሉ መሰናዶ መካከል በቀድሞው ባለ ሠርግ ላይ ያልነበረ አንድ ጭንቀት በከተማው ባለ ሠርግ ላይ ተጨምሯል፤ ይኸውም የትኛው የወይን ጠጅ ለእንግዳ ይቅረብ የሚለው ነው። ነገሩ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በዚህ በትንሹ ነገር ምክንያት ዕዳ የገባ ቤት፣ ቅር ተሰኝቶ የተመለሰ ዘመድ አልጠፋም።

የከተማው ልማድ በብዙ ቤት እንዲህ ነው። ባለ ሠርጉ ጽሕፈቱ በባዕድ ፊደል የሆነ፣ ዋጋው የከበደ ጥቂት ጠርሙስ ገዝቶ በሙሽሮቹና በክቡራን እንግዶች ገበታ ላይ ያስደረድራል። ወደ መካከል ለተቀመጡት ከዚያ የሚያንስ ይቀዳላቸዋል። ከድንኳኑ ጫፍ፣ ከመውጫው አጠገብ ለተቀመጡት ግን ማር ቀርቶበት በስኳር የተጣለ ጠጅ በጀሪካን መጥቶ ይታደላቸዋል። እነዚህም ብዙውን ጊዜ ከገጠር ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ ዘመዶች፣ ድንኳን ሲተክሉና ሽንኩርት ሲከትፉ የሰነበቱ ጎረቤቶች ናቸው። የተቀመጡበት ሥፍራ ያልነገራቸውን በብርጭቋቸው ያለው መጠጥ ይነግራቸዋል።

እንዲህ ያለው አቀራረብ ዛሬ የተዠመረ አይደለም። ጥር 12 ቀን በሚከበረው በቃና ዘገሊላ ታሪክ ውስጥ የድግሱ አሳዳሪ ሙሽራውን ጠርቶ የነገረው ይህንኑ የዓለም ልማድ ነበር፤ ሰው ሁሉ መልካሙን አስቀድሞ አቅርቦ፣ እንግዳው ከጠጣ በኋላ ተራውን እንደሚያስከትል። ሊቃውንት በዚህ ምዕራፍ ላይ የሚያመሠጥሩት ከዚህ ጽሑፍ በላይ ነው፤ ለባለ ሠርግ የሚሆነው ግን በንባቡ ውስጥ ግልጥ ሆኖ ይገኛል። የመዠመሪያው ችግር መጠጡ ማለቁ ነበር፤ የመጨረሻው ድንቅ ደግሞ የኋለኛው ከፊተኛው መብለጡ ነው። ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት መስፈሪያ ይይዙ ነበር፤ የዚያ ዘመን የግሪክ መስፈሪያ 39 ሊትር ያህል ስለ ሆነ ጠቅላላው ከ460 እስከ 700 ሊትር ይደርሳል። ይህም በዛሬው ጠርሙስ ቢለካ ከ600 ጠርሙስ አያንስም። ለአንድ የመንደር ሠርግ ይህን ያህል መትረፉን ያስተዋለ ሰው፣ የመጠጥ ምርጫ ከስሙ ሳይሆን ከመብቃቱ እንዲዠመር ይረዳል።

ከውጭ አገር የመጣ ወይን በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ መታየቱ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው፣ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ የሚናገረው የመርከበኞች መጽሐፍ፣ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ዕቃዎች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የመጣ ጥቂት ወይን ይቆጥራል። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ ያለው ይፋግም በወይን ተክሉ የታወቀ ነበር። ሆኖም ወይን እንደ ጤፍና እንደ ገብስ በየእርሻው አልተስፋፋም፤ ለቅዳሴ የሚሆነው እንኳ ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ የሚዘጋጅ ነው። የግብር ቤቱን ክብር ይዞ የኖረው የማር ጠጅ ነው። እርሱም ቢሆን በቀድሞው ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ፣ ተራው ሕዝብ ጠላ ይጠጣ ነበር። ጠጅ አሳላፊውም ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ ነበር። እንግዲህ መጠጥን በማዕረግ የመከፋፈል ልማድ ከጠርሙሱ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ ሳይሆን ከቤት የወረደ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ልዩነቱ፣ ግብር የመንግሥት ሥርዓት ሲሆን የሠርግ ድንኳን የዘመድ ጉባኤ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ባለ ሠርጉ ወደ መደብር ከመሄዱ በፊት በቤቱ ተቀምጦ አንድ ነገር መቍረጥ አለበት፤ ይኸውም የሚገዛው ወይን ከፊተኛው ወንበር እስከ ኋለኛው ድረስ አንድ ዓይነት ይሆን ዘንድ ገንዘቡ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ ነው። ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ጠርሙስ 75 ሳንቲ ሊትር ይይዛል፤ በመጠን ሲቀዳ አምስት ብርጭቆ ይሞላል። ከተጠሩት 300 ሰዎች መካከል 100ዎቹ ወይን የማይጠጡ ወይም ጠጅ የሚመርጡ ቢሆኑ፣ ለቀሩት 200 ሁለት ሁለት ብርጭቆ ቢታሰብ 400 ብርጭቆ፣ ይኸውም 80 ጠርሙስ ይሆናል። በሣጥን 12 ስለሚገባ ሰባት ሣጥን ይበቃል፤ ሳይጠራ ለሚመጣው ደግሞ አንድ ሣጥን ይጨመራል። ሳይጠራ የሚመጣ የሌለበት ሠርግ በኢትዮጵያ አልታየምና ይህ ስምንተኛው ሣጥን የግድ ነው። ከመግዛቱ በፊት ያልተከፈተውን ጠርሙስ መልሶ የሚወስድ ነጋዴ መፈለግም ብልኅነት ነው።

በአገር ውስጥ የሚጠመቀው ወይን የባሕር ማዶውን ያህል ጭነትና ቀረጥ ስለማይከብደው ለብዙ ሰው ለማዳረስ ይመቻል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱማይት ብዙ ዘመን በየሠርጉ የታዩ ናቸው፤ ጉደር ጣፋጭነት የሌለው ቀይ፣ አክሱማይት ጣፋጭ ቀይ ነው። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ደግሞ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከ2000 ዓ.ም. ግድም ዠምሮ ወይን አስተክሎ፣ በ2006 ዓ.ም. የመዠመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ አውጥቷል። የተተከሉትም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ከተባሉት ዘሮች ናቸው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው የሌሊቱ ቅዝቃዜ የቀኑን ሙቀት ያረግበዋል፤ በዚህም ፍሬው ኮምጣጣነቱን ፈጽሞ ሳይለቅ ይበስላል።

ይሁን እንጂ ወይኑ ከየት አገር መጣ ከሚለው ይልቅ ምርጫውን ሊወስን የሚገባው ወጡ ነው። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ስለ ወይን በአውሮፓ የተጻፉት መጻሕፍት የሚናገሩት በርበሬ ስለሌለበት ጥብስና ስለ ዓሣ ነው። በወይኑ ውስጥ ያለው አልኮል የበርበሬውን ማቃጠል ያበረታዋል እንጂ አያበርደውም። ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው፣ ታኒን የተባለው ምላስ የሚያደርቅ ነገር ደግሞ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ መራራነቱ ይጎላል። ስለዚህ ከመቶ 14 እጅ አልኮል ያለው፣ ዋጋው የከበደ ብርቱ ቀይ ወይን በዶሮ ወጥ ላይ ሲጠጣ ገንዘቡም ወጡም በከንቱ ይጠፋሉ። ለዶሮ ወጥና ለቀይ ወጥ የሚስማማው አልኮሉ የቀለለ፣ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው፣ ቀዝቀዝ ብሎ የሚቀዳ ነጭ ወይም ሮዝ ወይን ነው። ብርቱው ቀይ ቦታው ሚጥሚጣ ባልበዛበት ጥብስ፣ በክትፎና በቍርጥ ዘንድ ነው፤ ሥጋውና ቅቤው የታኒኑን ሻካራነት ያለሰልሱታልና።

አንዳንድ ወይን ዐዋቂ ነኝ ባይ፣ ጣፋጭ ወይን የሚወደውን እንግዳ ጣዕም እንደማይለይ ሰው አድርጎ ሲንቀው ይሰማል። በጠጅ ያደገ አንደበት ጣፋጩን ከበርበሬ ጋር ማስማማት የለመደ ስለ ሆነ፣ በዚህ ነገር የተሳሳተው የሚንቀው ሰው ነው።

ከሠርጉ ሦስት ወይም አራት ሳምንት አስቀድሞ ባለ ሠርጉ ሁለት ሦስት ዓይነት ጠርሙስ ገዝቶ፣ ስማቸው እንዳይታይ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከቤቱ ወጥ ጋር ቢያስቀምስ መልካም ነው። ለዚህም ዳኝነት የሙሽሪትን እናት፣ ወጥ ሠሪዪቱንና አንድ ሁለት ሽማግሌ መጥራት ይበቃል። ስሙ በተሸፈነ ጊዜ የከበደው ዋጋ ከቀለለው ዋጋ በታች ሆኖ መገኘቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው።

ስለ ሻምፓኝ ጥቂት ቃል ይበቃል። በአውሮፓ ሕግ ይህ ስም በፈረንሳይ ሻምፓኝ ከተባለው አውራጃ ለሚወጣው አረፋማ ወይን ብቻ የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ በርካሽ ዋጋ ሻምፓኝ ነው ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሌላ አረፋማ ወይን ነው፤ ይህም ነውር የለበትም። ኬክ በሚቈረስበት ጊዜ የሚፈለገው ድምፁና አረፋው ነውና ሦስት አራት ጠርሙስ ይበቃል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ስለ ሆነ፣ በደንብ ያልቀዘቀዘ ጠርሙስ ሲከፈት ግማሹ በሙሽሪት ቀሚስ ላይ ይፈስሳል።

ማቀዝቀዝን በሚመለከት ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ፣ ቀዩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ሲኖረው ጣዕሙ ይስተካከላል። በጥር ወር ቀትር በሸራ ድንኳን ውስጥ የተተወ ወይን ከዚህ እጅግ ያልፋል። የደጋው ሌሊት ግን በዚያው ወር ያለ ዋጋ የተገኘ ማቀዝቀዣ ነው። ሣጥኖቹ በዋዜማው ማታ በጥላ ሥር በውጭ ቢያድሩና ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤት ገብተው በብርድ ልብስ ቢሸፈኑ፣ ለቀዩ ሌላ ነገር አያስፈልገውም፤ በረዶው ለነጩና ለአረፋማው ብቻ ይሆናል።

ሒሳቡ ተሠርቶ ገንዘቡ ለሁሉ የሚሆን ወይን ለመግዛት ያልበቃ እንደ ሆነ፣ ወይኑ ፈጽሞ ይቅር። ለሃያ ሰው ወይን ገዝቶ 280 ሰው ከማሳዘን፣ በዚያው ገንዘብ ንጹሕ ማር ገዝቶ ለሦስት መቶው ጥሩ ጠጅ መጣል ይሻላል። የተማረው ልጅ በዚህ ሊያፍር ይችላል፤ እናቱ ግን ነገሩን ከርሱ ይልቅ ታውቀዋለች። ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ አድርጋ፣ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ ጢስ አጥና፣ ጌሾውን በልኩ ጨምራ ሁለት ሦስት ሳምንት ካቆየችው በብርሌ ተቀድቶ በማንኛውም ገበታ ላይ ፊት የማያሳፍር ይሆናል። ከዚህ የሚያበላሸው የስኳሩ ነገር ነው። ማር ተወደደ ብሎ ስኳር የሚጨምር ጠማቂ ጠጁን የጨመረ ይመስለዋል እንጂ፣ የማሩን ሽታ ያጠፋዋል።

የማይጠጡትም እንግዶች ናቸው። እስላም ዘመድና ጎረቤት፣ በሃይማኖቱ ወይም በጤናው ምክንያት የተወ ሰው፣ ያረገዘች ሴት፣ የሙሽሮቹን መኪና የሚነዳው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ከለስላሳ መጠጥ ሣጥን አጠገብ እንደ ተረሱ ይቀመጣሉ። ለነርሱ ያልፈላ የማር ብርዝ በንጹሕ ብርሌ ቢቀዳ፣ ከጠጅ ጠጪው ጋር አብረው ብርሌያቸውን ያነሣሉ፤ ለምን አትጠጣም ብሎ የሚጠይቃቸውም አይኖርም። ብርዙን ለመበጥበጥ የሚያስፈልገው ማርና ውኃ ብቻ ነው፤ ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ይደርሳል።

የቀረው የአሳላፊው ጉዳይ ነው። አሳላፊነት ለሚጠጣ ሰው አይሰጥም። ለተሾመውም ሰው ሣጥኖቹ ተቈጥረው ሊሰጡትና ቀድሞ ከየትኛው ወገን መቅዳት እንደሚዠምር ሊነገረው ይገባል። ከድንኳኑ ጫፍ ዠምሮ ወደ ሙሽሮቹ የሚመጣ እንደ ሆነ፣ ሙሽሮቹ ሳይጠጡ እንደማይቀሩ የታወቀ ነውና የሚጎድልበት የለም። ከስምንቱ ሣጥን አንዱ ሳይከፈት ወደ ማድ ቤቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ እጃቸውን ታጥበው ወደ ገበታ የሚቀርቡት ወጥ ሠሪዎቹ፣ እንጀራ ጋጋሪዎቹና ሳሕን አጣቢዎቹ የሚጠጡት ከርሱ ነው።