መሣሪያውን ተሸክሞ የማይሄድ ሙዚቀኛ

የአትክልት ተራ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ከመዛወሩ በፊት፣ ከፒያሳ ግርጌ በየማለዳው ከጭነት መኪና ድንችና ሽንኩርት ያወርዱ የነበሩት ወዛደሮች፣ አንድ ኩንታል የሰውን ትከሻ እንዴት እንደሚፈትን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። በታላላቅ የሙዚቃ አዳራሾች መድረክ ላይ የሚቆመው ረጅሙ ፒያኖ 5 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ስለዚህም አዝማሪ ማሲንቆውን በብብቱ ሸጉጦ፣ በገና ደርዳሪም በገናውን አቅፎ በሚሄድበት አገር፣ የፒያኖ ሊቅ ብቻ መሣሪያውን ትቶ ባዶ እጁን ይጓዛል፤ በደረሰበት አዳራሽ የሚጠብቀውንም ባዕድ መሣሪያ፣ ቢጥመውም ቢጎረብጠውም፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የገዛ ራሱ ማድረግ ግዴታው ነው። ኮንሰርት የሚያቀርብ ፒያኒስት እንግዲህ፣ ተሰጥዖው የቱንም ያህል ቢሆን፣ አዳራሽ የሚያንጽለት፣ መሣሪያ የሚገዛለትና የሚቃኝለት ሌላ ሰው ካልተገኘ በቀር ሙያው እንጀራ የማይሆንለት ሰው ነው።

የፒያኖን ክዳን አንሥቶ ውስጡን ለሚመለከት ሰው ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ቁልፎቹ 52 ነጭና 36 ጥቁር፣ በድምሩ 88 ናቸው፤ ጣት አንዱን ሲጫን፣ ጫፉ በጥቅጥቅ ሱፍ የተለበጠ ትንሽ የእንጨት መዶሻ ተወርውሮ አውታሩን ይመታና ወዲያው ይመለሳል። መዶሻው አንዴ ከተወረወረ በኋላ ጣት በድምፁ ላይ ብዙ ሥልጣን የለውም፤ ሊያጎላውም ሊያጣምመውም አይችልም፤ የሚቻለው የአወራወሩን ፍጥነት አስቀድሞ መወሰንና ድምፁን ማቆየት ወይም ማቋረጥ ነው። የፒያኒስት የዕድሜ ልክ ድካም ይህችን ቅጽበት ለመግራት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ለእኛ አገር ዜማ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ማሲንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ አንሸራትቶ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሻገር በመካከል ያለውን ሁሉ ሲያቀምሰን፣ ፒያኖ ከደረጃ ወደ ደረጃ ከመዝለል በቀር ሌላ መንገድ አያውቅምና፣ አምባሰልን ወይም ትዝታን የሚጫወትበት ሰው ያን መንሸራተት በርግብግብታና በጥቃቅን የጌጥ ድምፆች ማስመሰል ይኖርበታል።

በአውሮፓ ይህ ሙያ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ምሽቱን ሙሉ ብቻውን መጫወትን ፍራንዝ ሊስት፣ ያለ ኖታ በቃል መጫወትንም ክላራ ሹማን ልማድ ካደረጉት ወገን ናቸው። ወደ እኛ ስንመለስ፣ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት 40ዎቹ የአርመን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ያቆሙት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ነበር፤ ጥሩንባ በአደባባይ ይነፋል፣ ፒያኖ ግን ጣራ ይሻል። የሙያውን ብህትውና አገራችን ጥንትም ታውቀዋለች፤ ያላዘጋጀችለት አዳራሹን ነበር።

የዚህ ምስክር ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱት፣ በዓለም ስማቸው የውብዳር ይባሉ የነበሩት እኚህ እመቤት፣ በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ከተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ከተጋዙ፣ ከነፃነትም በኋላ ካይሮ ወርደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ በብርቱ ካጠኑ በኋላ፣ በለንደን የመማር ዕድል ሲገጥማቸው ፈቃድ ተከለከሉ። ኮንሰርቱንም ከተማውንም ትተው ወደ ግሸን ማርያም ወጡና መነኮሱ፤ 10 ዓመት ያህልም በዚያ ተራራ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ግሸን ያለችው በወሎ፣ አምባሰል የተባለው ቅኝት ስሙን ባገኘበት ምድር ነውና፣ በለንደን ያመለጣቸውን ትምህርት በሌላ በኩል አገኙት ብል የደፈርሁ አይመስለኝም። ወደ ፒያኖ ሲመለሱም መድረክ አላሳደዱም፤ በጀርመን አገር ያሳተሙት ሸክላ ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ። በኋላ በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ኖረው በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለእሳቸው የተዘጋው በር ለፒያኒስቱ ለግርማ ይፍራሸዋ ተከፈተ። በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱት ግርማ አስቀድመው የለመዱት ክራር ነበር፤ ከፒያኖ የተገናኙት 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ ባለሙያዎች በሕፃንነት ስለሚጀምሩ ይህ እጅግ የዘገየ ነው። ወደ ቡልጋሪያ ሄደው በሶፊያ ሲማሩ የሶሻሊስቱ ሥርዓት ወደቀና ትምህርታቸው ተቋረጠ፤ ጥቂት ጊዜም በጣሊያን አገር ከተጠጉ በኋላ ተመልሰው ፈጸሙት፤ አገር ገብተውም በያሬድ አስተማሩ። በኮንሰርታቸው የአውሮፓን ሊቃውንት ካስቀደሙ በኋላ የራሳቸውን ድርሰት ያስከትላሉ። በ2006 ዓ.ም. በወጣው አልበማቸው ውስጥ አምባሰል የተባለው ድርሰት ይገኛል፤ ቀኝ እጅ የክራርንና የዋሽንትን ርግብግብታ ሲፈልግ፣ ግራው የአውሮፓን የድምፅ ስምምነት ከሥሩ ይዘረጋለታል።

የእማሆይ ድርሰቶች በኖታ ተጽፈው በ2005 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ስለታተሙ፣ ዛሬ የትም አገር የተወለደ ፒያኒስት አንብቦ ሊያጠናቸው ይችላል። የያሬድ ተማሪ በፈተናው ቀን ባኽንና ሾፐንን ሲያቀርብ፣ ከእነርሱ ጎን የእማሆይንና የግርማን ሥራ እንዲያቀርብ ቢታዘዝ መልካም ነበር፤ እነዚህ ድርሰቶች ከሾፐን ያነሰ ልምምድ አይጠይቁም።