ቤት ውስጥ መሥራት ሥራ አይደለም እንዴ?

እኔ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ለዚህ እትም ስለ ሥራ ዓይነቶች እንድጽፍ ተመድቤ ነበር። መጀመሪያ ስለ ሐኪም፣ ስለ አውሮፕላን አብራሪና ስለ መሐንዲስ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን እነሱን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንጽፋቸው ኖረናል። ስለዚህ ሰዎች ቤታቸው ሆነው ስለሚሠሯቸው ሥራዎች ልጽፍ ወሰንኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዓመቱ መጀመሪያ የተማሪ መረጃ ቅጽ ሞልተን ነበር አይደል? እዚያ ላይ «የእናት ሥራ» የሚል አለ፤ ከሱ ቀጥሎ «የሥራ ቦታ» ይላል። እኔ በመጀመሪያው ላይ «የላትም» ብዬ ጻፍኩ፣ በሁለተኛው ላይ ሰረዝ አደረግሁ። ወላጅ መፈረም ስላለበት ማታ ለእናቴ ሰጠኋት። ሊጥ እያቦካች ነበር። እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ አድርቃ አነበበችው። ምንም ሳትል ፈርማ መለሰችልኝ። ትንሽ ቆይታ ግን «ይኼ የፈረምኩበት እስክሪብቶ በምን ተገዛ?» አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ትሸጣለች። እውነቱን ለመናገር ይህንን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፣ አፍሬ ነው። ጠዋት እንጀራ ተሸክሜ ሱቅ ሳደርስ የክፍሌ ልጆች እንዳያዩኝ ዞሬ በጀርባ ባለው መንገድ ነው የምሄደው።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ የምትሠራውን በደንብ ማየት ጀመርኩ። በፊትም አያለሁ፤ ግን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። እንጀራ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጤፉ ተለቅሞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ዱቄቱ በውሃና በእርሾ ይቦካና ተከድኖ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ክረምት ላይ ብርድ ስለሆነ ይዘገያል፣ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ እናቴ ክዳኑን እየከፈተች በሽታው ነው የምታውቀው። ከዚያ ከላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ትንሽ ተወስዶ በፈላ ውሃ እንደ ገንፎ ይበስላል፤ ይህ አብሲት ይባላል። ቀዝቀዝ ሲል ተመልሶ ከሊጡ ጋር ይቀላቀላል፣ ሊጡም ኩፍ ይላል። አብሲቱ ካልተስተካከለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ዓይን የሌለው እንጀራ ደግሞ ሱቅ አይቀበለውም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ምጣዱን ትሰካለች። አንድ ቀን አብሬያት ተነሳሁና በስልክ ሰዓት ያዝኩ። ምጣዱ ከሞቀ በኋላ በማሰሻ ትወለውላለች፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሐል ታፈሳለች፣ ዓይኑ ሲወጣ ትከድናለች፣ ከዚያ በሰፌድ ታወጣለች። አንዱ እንጀራ በአማካይ 3 ደቂቃ ፈጀ። በቀን 60 ትጋግራለች። 60 ሲባዛ በ3፣ 180 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ሙሉ ከምጣድ ፊት ሳትነሳ። ማቡካቱ፣ አብሲቱ፣ ዕቃ ማጠቡና ከሱቅ ሒሳብ መሰብሰቡ እዚህ ውስጥ አልገባም።

እናቴ የሒሳብ ደብተር አላት። የጤፍ፣ የወፍጮና የመብራት ካርድ ብላ ትጽፋለች። የተሸጠውን ትጽፋለች፤ ዱቤ ያለባቸውን ሱቆች ደግሞ በቀይ ታሰምርባቸዋለች። ከሽያጩ ወጪው ተቀንሶ የሚቀረውን «ትርፍ» ትለዋለች። እኔ በሒሳብ ትምህርት ወጪ ሁሉ መቆጠር እንዳለበት ስለተማርኩ «እማዬ፣ ያንቺ ድካምስ የት ተጻፈ?» አልኳት። ሳቀችና «እኔ ለማን ልከፈል? ትርፉ ራሱ የኔ ድካም ነው እኮ» አለችኝ። ያንን ትርፍ ለጉልበቷ ሰዓቶች አካፍሉት ብትሉኝ የሚወጣውን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ አሳይቻት እሷም ትንሽ ዝም ብላለች።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ተከራይ ስለሆንን ግቢው ውስጥ እንጨት አንድደን ማጨስ አንችልም። መብራት እስኪመጣ እንጠብቃለን፣ ሊጡ ይኮመጥጣል። አንዳንዴ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይመጣና ያኔ ገና መጋገር ትጀምራለች። በዚያ ቀን እኔ አድርሼ ስመጣ ሰልፉ አልቆ ነው የምደርሰው። (መምህራን ይህንን ለሰበብ እንዳትወስዱብኝ፤ ተኝቼ ያረፈድኩባቸው ቀኖችም አሉ።)

ከዚያ ጎረቤቶቻችንን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ለካ ሰፈራችን ሙሉውን ሥራ ቤት ነው!

ግቢያችን ውስጥ ያሉት እማማ ፈትል ይፈትላሉ። ጥጡ ሲመጣ ፍሬ አለው። በመዳመጫ ብረት ድንጋይ ላይ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ እንደ ደመና ይሆናል። በመጨረሻ በእንዝርት ይፈተላል። እኔም ሞክሬ ነበር፣ አምስቴ ተበጠሰብኝ። እማማ ግን ሳያዩት ነው የሚፈትሉት፤ ቡና ሲፈላም፣ እኔን ሲያጫውቱም እንዝርቱ ይሽከረከራል። «በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ሥራ ስፈታ ነው የምፈትለው» አሉኝ። አያችሁ? ራሳቸውም ሥራ አይሉትም። ግን ፈትሉን ሸጠው ነው የቤት ኪራይ የሚከፍሉት።

የእማማ ፈትል ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሰፈራችን ለሽሮ ሜዳ ቅርብ ስለሆነ ሸማኔ ብዙ ነው። ብዙዎቹ ወይም ወላጆቻቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ናቸው። ከኛ አጥር ቀጥሎ ያሉት ጋሼ የሚሸምኑት በሚኖሩባት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መሬቱ ተቆፍሮ ጉድጓድ አለ፤ ጫፉ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳሉ። በእግራቸው መርገጫውን እየረገጡ በእጃቸው መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይወረውራሉ። በቁመት የተወጠረው ክር ድር ይባላል፣ በመወርወሪያው የሚገባው ማግ ነው። አሁን ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ እንደ እማማ ያሉ ሰዎች የፈተሉት ማግ ይሆናል። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አልጋው ከላይ ቆጥ ላይ ነው። ማታ እንቅልፍ የመጣበት ሰው የሽመናውን ድምፅ እየሰማ ይተኛል።

የጋሼ ልጅ የኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ስሙን አልጽፍም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማግ ያጠነጥናል። በተለይ ጥምቀትና ፋሲካ ሲደርስ ትእዛዝ ስለሚበዛ እስከ ማታ ይሠራል፣ የቤት ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አንዱ ጠባዩ ይሄ ነው፤ ማንም «ተመደብክ» ሳይልህ ሠራተኛ ትሆናለህ። እኔም ሱቅ አድራሽ የሆንኩት እንደዚያ ነው። ለዚህ ሥራ መውጫ ሰዓትም የለውም፣ ከሥራ ወጥተህ የምትሄደው ቤት እዚያው ነውና።

ለጋሼ አንዳንዴ ነጋዴ ራሱ ክር ያመጣላቸዋል፣ ጨርሰው ሲያስረክቡ በቁጥር ይከፍላቸዋል። ይህንን ለዜግነት መምህራችን ነገርኳቸው። እሳቸውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ቤቱ ሆኖ ለአሠሪ ደመወዝ እየተከፈለው ስለሚሠራ ሰው የሚናገር ክፍል እንዳለ ነገሩኝ። ስለዚህ ሕጉ ራሱ ቤት ውስጥ የተሠራን ሥራ ያውቀዋል ማለት ነው። ይህ ከቤት ሠራተኛ ጋር አንድ አይደለም። የቤት ሠራተኛ የሰው ቤት ሄዳ ነው የምትሠራው፤ የሥራ ቦታዋ የሌላ ሰው ቤት ነው። እናቴ ደግሞ ማንም አልቀጠራትም፣ በግሏ ነው።

አሁን ስለ ኮምፒዩተር ሥራ ልንገራችሁ። ከጀርባችን ያለው ፎቅ ላይ የተከራየ አንድ ወጣት አለ። እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። ሰፈሩ ሁሉ «ሥራ ፈት» ነበር የሚለው፤ እኔም ጭምር። ስጠይቀው ግን ተርጓሚ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል። ጽሑፉ በኢሜይል ይመጣለታል፣ ጨርሶ በኢሜይል ይልካል። ቀን የሚተኛው የሚያሠሩት ሰዎች አሜሪካ ስለሆኑ ነው። ኒውዮርክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ 10 ወይም 11 ሰዓት፣ ወደ ማታ ነው። (አንድ ሰዓት የሚለያየው እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀያይሩ ነው።) ስለዚህ እነሱ ቢሮ ሲገቡ እሱ ይጀምራል፣ እኛ ስንተኛ ይሠራል። የሱም ችግር እንደኛው መብራት ነው። ኔትወርክም ይጨመርበታል።

ልብ ያልኩት ነገር ደግሞ አለ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ትንሽ ነበርኩ። ያኔ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ ተብለው ነበር። አክስቴም ቢሮዋ ላፕቶፕ ሰጥቷት ከቤት ትሠራ ነበር። እሷ ስትሠራ «ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ነች» እንባል ነበር። በዚያው ሰዓት እናቴ እንጀራ ትጋግር ነበር፤ ማንም ስለሷ ዝም በሉ ያለን የለም።

ሌላም ብዙ አለ፦ በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁ፣ ጠላ የሚጠምቁ፣ ሹሩባ የሚሠሩ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ልጆች የሚያስጠኑ። ስለ ሁሉም ብጽፍ ደብተሩ አይበቃም፣ የክበባችን ጸሐፊም ጽሕፈቱ ደክሟታል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ክፍል ኃላፊ መምህራችን ሄጄ ቅጹን ማስተካከል እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ከፋይሉ ፈልገው አወጡልኝ። «የላትም» የሚለውን ሰርዤ «እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች» አልኩ። በሰረዙ ቦታ ላይ «ቤታችን» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን አነበቡትና «ለሱቅ ብቻ ነው የምትሸጠው ወይስ ለሰውም ትሰጣለች?» ብለው ጠየቁኝ። ለሰውም ትሰጣለች አልኳቸው። ለቅዳሜ 10 እንጀራ አዘዙ።

ወላጆቻችሁ ወይም እናንተ ቤት ውስጥ የምትሠሩት እዚህ ያልተጻፈ ሥራ ካለ፣ እንዴት እንደሚሠራ ጽፋችሁ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ከ7ኛ ክፍል