ያውቁ ኖሯል? ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ያመለጠ ዋንጫ

እ.ኤ.አ. በ1985/86 የስኮትላንድ ፕሪሚየር ዲቪዚዮን ሻምፒዮን የተለየው በግብ ክፍያ ነበር። የኤደንብራው ሃርትስ ከ1960 ወዲህ የሊጉን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ግን 27 የሊግ ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ፣ ሴልቲክን በ2 ነጥብ እየመራ ከመጨረሻው ቀን ደረሰ። ያን ጊዜ ማሸነፍ የሚያስገኘው 2 ነጥብ ስለነበር አቻ መውጣት ብቻ ይበቃው ነበር።

ሜይ 3 ቀን ሃርትስ በዴንስ ፓርክ ደንዲን ገጠመ። ሴልቲክ ደግሞ ፔዝሊ ከተማ ላይ ሴይንት ሚረንን 5 ለ 0 እያሸነፈ ነው፤ ደጋፊዎቹ ግን ሜዳውን እያዩ ጆሯቸው ሬዲዮ ላይ ነበር። ዴንስ ፓርክ እስከ 83ኛው ደቂቃ 0 ለ 0። የማዕዘን ምት ተሻማ፣ ኳሷ በጭንቅላት ተገጭታ ግቡ አጠገብ ወደቀች፤ ተቀይሮ የገባው የደንዲው አልበርት ኪድ መትቶ አስቆጠረ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ደገመ። በዚያ የውድድር ዘመን በሊጉ አንድም ግብ ያላስቆጠረ ተጫዋች ነበር!

ሁለቱም ክለቦች በ50 ነጥብ እኩል ሆኑ። የግብ ክፍያው ግን ሴልቲክ 29፣ ሃርትስ 26። ስምንት ወር ሙሉ የተለፋበት ዋንጫ በሦስት ግብ ሄደ፤ እውነትም አንጀት ይበላል። በሳምንቱ ሃርትስ በስኮትላንድ ካፕ ፍጻሜም በአበርዲን 3 ለ 0 ተሸነፈ።