ተሰሎንቄ ስትሄዱ ምን ታያላችሁ? ምን ትበላላችሁ?

ብዙዎቻችን ተሰሎንቄን የምናውቃት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ሁለት መልእክት የጻፈላት ከተማ ዛሬም በሰሜን ግሪክ ባሕር ዳር ላይ አለች፤ ግሪኮቹ ቴሳሎኒኪ ይሏታል። ባለፈው የፀደይ ዕረፍት አራት ቀን ቆይቼባት ስለመጣሁ፣ ለመሄድ ለምታስቡ የትኛው ቦታ እንዳያመልጣችሁ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ315 የቆረቆራት የመቄዶንያው ገዢ ካሳንደር ነው። ስሟ የሚስቱ ስም ነው፤ እሷም የታላቁ እስክንድር የአባቱ ልጅ ነበረች።

ጊዜ ካጠራችሁ ባሕሩ ዳር ያለውን ነጩን ግንብ ከውጭ አይታችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ እለፉ። ጊዜያችሁን ለሮቶንዳ ስጡት። ይህን ክብ ሕንፃ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ያሠራው ቄሳር ገሌሪየስ ነው። በገድላት ስሙን ከምንሰማው ከዲዮቅልጥያኖስ ጋር ይገዛ የነበረ፣ እንደ እሱም ክርስቲያኖችን ያሳደደ ሰው ነው። ግድግዳው ከስድስት ሜትር በላይ ይወፍራል። ያው የአሳዳጁ ሕንፃ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነና በጉልላቱ ዙሪያ ሰማዕታት በወርቃማ ሞዛይክ ተሣሉበት። በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ደግሞ መስጊድ ሆነ፤ ሚናራው አሁንም አጠገቡ ቆሟል። አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ቀና ብዬ ሳይ ቆየሁ።

ከሮቶንዳ ጥቂት ደቂቃ በእግር ከሄዳችሁ የአርስቶትል ዩኒቨርሲቲን ግቢ ታገኛላችሁ። ተማሪው ቡናውን ይዞ ወደ ክፍል ይሮጣል፤ የኛን ካምፓስ ይመስላል። ግቢው ያረፈው ግን በአይሁድ መካነ መቃብር ላይ ነው። ጳውሎስ ሲመጣም በከተማዋ ምኩራብ ነበር። በ1492 ከስፔን የተባረሩ አይሁድ በብዛት እዚህ ሰፍረው፣ ለረጅም ዘመን ከነዋሪው ትልቁን ድርሻ ይዘው ኖረዋል። በናዚ ጀርመን ወረራ ጊዜ፣ በዲሴምበር 1942፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መቃብሮች ፈረሱ፤ ድንጋዮቻቸውም ለግንባታና ለመንገድ ማንጠፊያ ተወሰዱ። በተከታዩ ዓመት ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች በባቡር ወደ አውሽቪትስ ተጋዙ፤ አብዛኞቹ እዚያው ተገደሉ። በግቢው ውስጥ መታሰቢያ የቆመላቸው በ2014 ነው።

እኔ ነርሲንግ ነው የምማረው። ሰው ሲያርፍ ገላውን እንዴት እንደምናጥብ፣ ስሙ የተጻፈበት መለያ ሳይታሰርለትም ከክፍሉ እንደማይወጣ ተምረናል። ስም ያለበት ድንጋይ ተነቅሎ መንገድ ላይ ሲነጠፍ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በዚያ በኩል ነው። መታሰቢያውን ሳታዩ ከከተማዋ አትውጡ። ሌላው ቢቀር ተማሪዎች ነንና።

አሁን ወደ ምግቡ። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ይሸጣል፤ ኩሉሪ ይባላል፤ ርካሽ ነው፣ ሆድም ይይዛል። ቀዝቃዛው ፍራፔ የተፈጠረው በ1957 እዚሁ ከተማ በተደረገ የንግድ ትርኢት ላይ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ቡና ትኩስ ነው።

የሄድኩት በዐቢይ ጾም ስለነበር ምን እበላለሁ ብዬ ሰግቼ ነበር። ግሪኮቹም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ፋሲካችንም ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። «ኒስቲሲማ» የምትለውን ቃል ያዙ፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ባቄላ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ከሰሊጥ የሚሠራ ሐላዋ ይመጣላችኋል። ከሩዝ ጋር የተቀቀለ፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳም ሊመጣ ይችላል። በእነሱ ሥርዓት ደም የሌለው የባሕር ፍጥረት በጾም ይበላል፤ ዓሣ ግን ከተወሰኑ በዓላት በቀር አይበላም። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ይሄማ ምኑን ጾም ሆነ!» ብላ ሳቀች። እኔም ባቄላውን መረጥኩ።

ከተማዋ በጣም የምትታወቅበት ቡጋጻ ግን በስስ ሊጥ የተጠቀለለ፣ ወተትና እንቁላል ያለበት ክሬም ነው፤ ላዩ ላይ ስኳርና ቀረፋ ይነሰነስበታል። ጾመኛ ከሆናችሁ ጉዟችሁን ከፋሲካ በኋላ አድርጉት።