አንድሮሜዳን ፎቶ ማንሳት

ቴሌስኮፕ ያለውን ሰው ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ጋላክሲ ለማንሳት ግን ማጉላት ብዙም አይረዳም። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከዳር እስከ ዳር ስትለካ ጎን ለጎን የተደረደሩ ስድስት ሙሉ ጨረቃዎችን ያህል ትሰፋለች። ዓይናችን የሚቸገረው በትንሽነቷ ሳይሆን በደብዛዛነቷ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ብርሃን ማጠራቀም ነው።

በ1888 እ.ኤ.አ. ዌልሳዊው አይዛክ ሮበርትስ ኬሚካል በተቀባ መስታወት ላይ ለሰዓታት ብርሃኗን አጠራቅሞ ጠመዝማዛ ቅርጿን አሳየ። በ1923 ኤድዊን ሀብል ካሊፎርኒያ በሚገኘው ማውንት ዊልሰን ሆኖ ባነሳት ፎቶ ላይ ድምቀቱ የሚለዋወጥ ኮከብ አገኘ፤ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗ የታወቀው ርቀቷ በዚያ ኮከብ ሲለካ ነው።

ዛሬ በአንድ ረጅም ፎቶ ፈንታ የጥቂት ደቂቃ ፎቶዎች በብዛት ይነሳሉ። ሳተላይት ወይም ደመና ያበላሸው ይጣላል፤ የቀሩትን ፕሮግራሙ ኮከብ በኮከብ አገጣጥሞ አማካያቸውን ያወጣል። መቶ ፎቶ ሲደመር የምስሉ ብጥብጥ (ኖይዝ) ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የቴሌስኮፑ ማቆሚያ ሞተር የሚዞረውን ሰማይ እንዲከተል ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ አካባቢ ይነጣጠራል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል የጎረቤት ፎቅ ሊጋርደው ይበቃል።

ጀማሪ የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው፣ የማረሚያ ፎቶዎችን ነው። ቴሌስኮፑ ተከድኖ በዚያው የሙቀት መጠን የሚነሳው የካሜራውን የራሱን ነጠብጣብ ይይዛል። ሲነጋጋ ደግሞ አፉ ላይ ነጭ ካናቴራ ተወጥሮ የሚነሳው የአቧራን ጥላ ይይዛል፤ ሴንሰሩ አጠገብ ያለች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቦምቦሊኖ የመሰለ ጥቁር ቀለበት ሆና ትወጣለች። ይህ ካልታረመ ቀለበቱ ከጋላክሲዋ ጋር አብሮ ጎልቶ ይወጣል።

የተደመረው ፎቶ ሲከፈት ጥቁር ነው፤ ጥቂት ኮከቦች ብቻ ይታያሉ። ጋላክሲዋ በጨለማው ክፍል ስለተደበቀች ያ ክፍል ቀስ እያለ ይደምቃል። ሲበዛ መሃሏ ነጭ ድቡልቡል ይሆንና ጥቁሮቹ የአቧራ መስመሮች ይጠፋሉ። መሃሏ በአሮጌ ኮከቦች ቢጫ፣ ክንዶቿ በወጣቶቹ ሰማያዊ፣ የሃይድሮጅን ደመናዎቿ ቀያይ ናቸው። በዓይን ግራጫ ስለምትታይ ቀለሙን ውሸት የሚሉ አሉ፤ ካሜራው ግን በእርግጥ መዝግቦታል። ውሸቱ ወይን ጠጅ እስክትመስል የሚቀቡት ነው።

በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ለእኛም አመቺ ጊዜ ላይ ትመጣለች፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ አመሻሹ ላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ቴሌስኮፕ ባይኖርም ተራ ካሜራ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ፣ ጨረቃ በሌለበት ምሽት ከከተማው መብራት ርቆ፣ የጥቂት ሰከንድ ፎቶዎችን ደጋግሞ በማንሳት መጀመር ይቻላል።