የረጅሙ ሣር አገር፤ ስለ ካንሳስ የባልጩት ኮረብታዎች

ከሮኪ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ በሰሜን አሜሪካ መካከል ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋውን ሰፊ የሣር ምድር የአገሩ ሰዎች ፕሬሪ ይሉታል። በምዕራቡ በኩል ዝናቡ ጥቂት ስለ ሆነ ሣሩ አጭር ነው፤ ወደ ምሥራቅ በተሄደ መጠን ግን ዝናቡ እየበረከተ፣ ሣሩም እየረዘመ ሄዶ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት ስፍራ አለ። ይህ የረጅሙ ሣር ፕሬሪ ነጮች ሰፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት 170 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለት ወደ 69 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ምድር ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ሳይታረስ የቀረው ግን ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም የሚበዛው በካንሳስ ግዛት በስተምሥራቅ፣ ፍሊንት ሂልስ ወይም የባልጩት ኮረብታዎች በሚባለው አገር ይገኛል።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመኘው ታላቁን የኮሎራዶ ወንዝ ገደል ወይም የየሎስቶንን ፍልውኃ ለማየት ነው፤ ካንሳስን ግን በአውራ ጎዳናው ላይ እየበረረ በመኪና መስኮት ተመልክቶ፣ ምንም የሌለበት ሜዳ ነው ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ማለቱም አይፈረድበትም፤ ተራራ ራሱን ከሩቅ ያሳያል፣ ፏፏቴም በድምፁ ይጣራል፣ ሣር ግን ከመኪና ወርደው፣ ወደ እርሱ ቀርበውና ጐንበስ ብለው ካልመረመሩት በቀር ምሥጢሩን የማይገልጥ ፍጥረት ነው። ይህ አገር በእግር የሚታይ አገር ነው።

ከማረሻ እንዴት እንደ ዳነ ማወቅ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ነው። የፕሬሪ አፈር ጥቍርና እጅግ ለም ሲሆን፣ በሥር የተጠላለፈና ሲርስ የሚያጣብቅ በመሆኑ፣ ከምሥራቅ የመጡት ገበሬዎች ይዘውት በመጡት ማረሻ ጥቂት እንደ ሄዱ እየቆሙ ጭቃውን መፋቅ ነበረባቸው። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጆን ዲር የሚባል አንጥረኛ በኢሊኖይ፣ ግራንድ ዲቱር በምትባል መንደር፣ አፈሩ ሳይጣበቅበት የሚንሸራተት የተወለወለ የአረብ ብረት ማረሻ ከሠራ ወዲህ፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ማንም ያልደፈረው ሣር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተገልብጦ የበቆሎና የስንዴ እርሻ ሆነ።

የባልጩት ኮረብታዎች ግን ለማረሻ እንቢ አሉ። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከ250 ሚሊዮን ዓመታት በሚበልጥ ጥንታዊ ዘመን ይህ ስፍራ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበረ፤ በባሕሩ ወለል ላይ የተነጠፈው ደለልና የባሕር እንስሳት ቅርፊት በዘመን ብዛት የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ በዚያው ውስጥ ባልጩት ተቋጥሮ ቀረ። ዝናብ የኖራውን ድንጋይ ቀስ በቀስ ሲያሟሟው፣ የማይሟሟው ባልጩት እየተረፈ በምድር ገጽ ላይ ተከማቸ፤ ዜቡሎን ፓይክ የተባለው የጦር መኮንንም በ1806 በዚያ ሲያልፍ ኮረብታዎቹን በማስታወሻው የመዘገባቸው በዚሁ ባልጩታቸው ነው። ገበሬው የረገመው ድንጋይ ለሣሩ ጠባቂ መልአክ ሆነለት። ማረስ ያልተቻላቸው ሰዎች ከብት ማርባትን ያዙ፤ ከሩቅ ግዛት የሚመጣ ከብት ሳይቀር እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚህ ግጦሽ ይሰባል።

ከሣሩ ሁሉ ዋነኛው ትልቁ ብሉስቴም ነው። በመስከረም ወር ከአንዱ ዘለላ አጠገብ የቆመ ሰው፣ አገዳው ከግርጌው ሰማያዊ ያለበት ሐምራዊ ሆኖ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እንደ መዳብ ቀልቶ፣ በጫፉም ዘሩን በሦስት ጣት እንደ ዶሮ እግር ዘርግቶ ያየዋል፤ ዝናብ በሰመረበት ዓመት፣ አፈሩ ወፍራም በሆነበት ሸለቆ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያልፋል። ሆኖም የሚታየው ከማይታየው ያንሳል፤ የዚህ ምድር ሕያው አካል የሚበዛው ከመሬት በታች ነው። ሥሩ በድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ ጠልቆ ስለሚወርድ፣ ድርቅ ሲመጣ ሌላው ተክል የማይደርስበትን ውኃ ይጠጣል፤ የሚያድግበትም ዕንቡጥ ከአፈሩ ገጽ በታች ተሰውሮ ስለሚኖር፣ እሳት ቢበላው፣ ከብትም ቢግጠው፣ መልሶ ያቈጠቍጣል። በሣሩ መካከል የሚበቅለው፣ የኮምፓስ ተክል የሚባለው ባለ ቢጫ አበባ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል፤ የግርጌ ቅጠሎቹን ጠርዛቸውን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ ገጻቸውን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ አድርጎ ያቆማቸዋልና፣ የጧትና የማታ ፀሓይ በሙሉ ገጻቸው ሲያርፍባቸው፣ የቀትሩ ሐሩር ግን በጠርዛቸው በኩል ያልፋል።

እንግዳን የሚያስደነግጠው የአገሩ ልማድ እሳት ነው። በእኛ ዐቢይ ጾም በሚሆንበት ወራት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ባለ መሬቶቹ የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን እርጥበት መርምረው፣ ለሚመለከተው ሹምና ለጎረቤት አስታውቀው፣ ኮረብታዎቹን በገዛ እጃቸው ያቃጥላሉ። ይህም እንዲያው በዘፈቀደ የሚደረግ ሳይሆን ሥርዐት ያለው ጥበብ ነው፤ አስቀድሞ ነፋሱ በሚሄድበት ጫፍ ያለውን ጠርዝ በጥንቃቄ አቃጥለው እሳቱ የማይሻገረው ጥቍር መቀነት ካበጁ በኋላ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሲለኵሱት፣ እሳቱ ሜዳውን ጠርጎ ሄዶ ከዚያ መቀነት ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይጠፋል። ያለፈው ዓመት ደረቅ ሣር ካልተወገደ ብርሃንን ከአዲሱ ቡቃያ ይከለክላል፤ የጠቈረው መሬት ግን ፀሓይን ስቦ ቶሎ ይሞቃልና፣ ጥቂት ሳምንታት ሳይቈይ ከል የለበሰው ኮረብታ ለምለም አረንጓዴ ይሆናል። ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊትም መብረቅ ያቃጥለው ነበር፤ ነባሮቹም ሕዝቦች የዱር እንስሳት አዲሱን ሣር ፈልገው እንዲመጡ በማሰብ ይለኵሱት ነበር። ጢሱ ሩቅ ከተሞች ድረስ እየሄደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ሰዎች መከራ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህንንም አቤቱታ አቃልሎ መመልከት አይገባም። ነገር ግን እሳቱ ጨርሶ ቢቀር ሣሩም ይቀራል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1971 በማንሃታን ከተማ አጠገብ ኮንዛ የተባለ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ፣ ምድሩን በየተፋሰሱ ከፋፍሎ፣ አንዱን በየዓመቱ፣ ሌላውን በየ2 ወይም በየ4 ዓመቱ፣ አንዳንዱንም በየ20 ዓመቱ እያቃጠለ የሚሆነውን ሁሉ ሲመዘግብ ኖሯል። እሳት ለረጅም ጊዜ ያልጐበኘው ክፍል ቍጥቋጦና ጥድ ወርሶታል። ዛፍ መትከልን እንደ ጽድቅ ሥራ ለምንቈጥር፣ ጥድንም በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ለምናከብር ሰዎች፣ የዚያው የጥድ ወገን የሆነ ዛፍ በሌላ አገር ወራሪ ተብሎ ሲቃጠል መስማት ሊከብደን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ የጠፋው ሣር ነውና ጥበቃ የሚገባው እርሱ ነው።

በስትሮንግ ሲቲ አጠገብ፣ በቼስ አውራጃ፣ የረጅም ሣር ፕሬሪ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ የሚባል 10,894 ኤከር፣ ማለት ወደ 4,400 ሄክታር የሚሆን ምድር ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይገኛል። በ2009 ከሳውዝ ዳኮታ፣ ከዊንድ ኬቭ ብሔራዊ ፓርክ፣ 13 የአሜሪካ ጐሾች አምጥተው ለቀቁበት፤ መንጋውም ከዚያ ወዲህ ተራብቷል። ወንዱ እስከ 900 ኪሎ የሚመዝን፣ ትከሻው ያበጠ፣ ጐፈሩ የተንዠረገገ አውሬ ሲሆን፣ በዚያ ግዝፈቱ ፈረስ የማያሳፍር ሩጫ አለው። ጐሽ ሣሩን መርጦ ሲግጥ አበባውን አብዛኛውን ይተዋልና፣ እርሱ በሚውልበት ሜዳ የዕፀዋቱ ዓይነት ይበዛል፤ ጀርባውን ለማከክ የሚንከባለልበትም ጕድጓድ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ቋጥሮ ለእንቍራሪቶችና ለአዕዋፍ ኩሬ ይሆናል።

ወፍ ለሚወድ ሰው ግን ከጐሹ ይልቅ የፕሬሪ ዶሮ ይበልጥበታል። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ወንዶቹ ሣሩ ባጠረበት ጕብታ ላይ ተሰብስበው፣ የአንገታቸውን ላባ እንደ ቀንድ አቁመው፣ ግራና ቀኝ በአንገታቸው ያለውን ብርቱካናማ ከረጢት በአየር ነፍተው፣ መሬቱን በእግራቸው በፍጥነት እየደበደቡ፣ በጸጥተኛ ማለዳ ከኪሎ ሜትር የበለጠ ርቀት የሚሰማ ጥልቅ ድምፅ ያወጣሉ። ሴቶቹ በመካከላቸው ዝም ብለው እየተመላለሱ ይመርጣሉ። ይህን ለማየት የሚሻ ሰው ሳይነጋ ተደብቆ መቀመጥ፣ ወፎቹም እስኪሄዱ ድረስ አለመነሣት ይገባዋል።

የዚህ ምድር ባለቤቶች የነበሩት ካው የሚባሉት ሕዝብ ናቸው፤ ግዛቷም ስሟን የወሰደችው ከእነርሱ ነው። በ1846 በተደረገ ውል በካውንስል ግሮቭ አካባቢ በጠባብ ክልል ተወስነው ከቈዩ በኋላ፣ በ1873 ያም ተነሥቶባቸው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ተሰደዱ። ስማቸውን አስቀርቶ ሰዎቹን ማባረር ታላቅ ግፍ ነበረ። በእኛ ዘመን የካው ሕዝብ በካውንስል ግሮቭ አጠገብ ጥቂት መሬት በገንዘባቸው መልሰው ገዝተው፣ ለአለቃቸው ለአለጋዋሆ መታሰቢያ አድርገውታል።

እነርሱ ከሄዱ በኋላ ስቲቨን ጆንስ የተባለ ከብት አርቢ በ1881 በዚህ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ የሚታየውን ቤተ መንግሥት የመሰለ የኖራ ድንጋይ ቤት ሠራ፤ በኮረብታው ላይም በ1882 የታነጸው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ 1930 ድረስ የገበሬዎችን ልጆች አስተምሯል። ከረጅሙ ሣር ምድር ከፍሎ ብሔራዊ ፓርክ ለማድረግ ግን ብዙ ዘመን ክርክር ነበረ፤ በ1961 የመንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስትር የነበሩት ስቱዋርት ዩዳል በሄሊኮፕተር መጥተው ሌላ ኮረብታ ላይ ቢያርፉ፣ አንድ ከብት አርቢ ከመሬቴ ውጡልኝ ብሎ አስነሥቷቸዋል። በመጨረሻ በ1996 በሴናተር ናንሲ ካሰባም ትጋት ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሕግ ወጣ፤ መንግሥት ከ180 ኤከር በላይ እንዳይይዝ ተወስኖ፣ የቀረው በግል ባለቤት እጅ ሆኖ፣ ዛሬ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርና የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በኅብረት ያስተዳድሩታል። እንደኔ አስተያየት ይህ ስምምነት ከብዙ ፓርክ አመሠራረት የተሻለ ነው፤ በከብቱ የሚኖረውን ሰው ሳያፈናቅል ሣሩን ጠብቋልና።

በካንሳስ ሲቲ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ይህ ስፍራ ከቤታችሁ የሁለት ሰዓት የመኪና መንገድ ያህል ነው፤ በኤምፖሪያ በኩል ሄዳችሁ ወደ ምዕራብ ትታጠፋላችሁ። አበባ ለሚሻ ሰኔ መልካም ነው፤ እኔ ግን የምመክራችሁ ሣሩ ከሁሉ በሚረዝምበት በመስቀል ሰሞን ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ መዥገር አለና ስትመለሱ ገላችሁን ፈትሹ፤ በኮረብታው ላይ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለምና ውኃ ያዙ፤ ጐሽም ብታዩ ቢያንስ መቶ ሜትር ያህል ራቁለት። በጥብቁ ስፍራ ውስጥ ማደር አይፈቀድም፤ ድንኳን መትከል የሚወድ በኮተንውድ ፎልስ በስተምዕራብ ባለው የቼስ ዓሣ ማጥመጃ ሐይቅ ያድራል። የእግር መንገዶቹ በድምሩ ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ፤ ለመግቢያ የሚከፈል ገንዘብ የለም።