የመጀመሪያ ቤት በማያስተማምን ዘመን፦ የምንገዛው ምንድን ነው?



ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ እኔና እጮኛዬ ለስምንት ዓመታት ቆጥበናል፤ አገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ቤት ይገዛል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ ለራሴም ጎዶሎ ሆኖብኝ ነበር። የዛሬው ንግግሬ የዚያ መልስ ቀሪ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ላውሳ። ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 2014 ዓ.ም. ነበር። ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ቀርቦ፣ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆች ይዘን በኪራይ ቤት እየኖርን ዐሥራ አንድ ዓመት ቆጥበናል። በዚያ ሰሞን ከአገር ለመውጣት የቸኮለ ሰው ባለ ሁለት መኝታ የኮንዶሚኒየም ቤቱን ከገበያው እጅግ ዝቅ ባለ ዋጋ አቀረበልን። ነገር ግን ቤቱ በዕጣ ከደረሰው አምስት ዓመት አልሞላውም፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው ሊያስተላልፈው ሕጉ አይፈቅድለትም። ሻጩ ያሰበው ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ውክልና ሰጥቶን ለመሄድ ነበር። ደላላው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለን። ሕግ የማስተምር ሰው ሆኜ ሳለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት ሌሊት እሺ ልበል ወይስ አልበል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ የመለሰኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «የምገዛው ምንድን ነው?» ቤት ስንገዛ በዓይናችን የምናየው ግድግዳና ጣሪያ ነው፤ ገንዘባችን የሚገዛው ግን መብት ነው። የፖለቲካ ነውጥ ግድግዳውን ሳይነካ መብቱን ሊያናጋው ይችላል።

ታሪካችን ይህን በሚገባ ያስተምረናል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ከለከለ፤ ትርፍ ቤቶችንም ወረሰ። አክስቴ ሁለት ቤቶች ነበሯት። ለኪራይ የሠራችውን በአንድ ቀን አጣች፤ የምትኖርበት ግን ቀረላት፤ ዕድሜዋንም በእርሱ ፈጸመች። በልጅነቴ ያን ቤት የማውቀው የበዓል ቡና የሚፈላበት ሆኖ ነው፤ ከዐደግሁ በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ያን የመሰለ ማዕበል እንኳ ሰው የሚኖርበትን ቤትና ሀብት የሚከማችበትን ቤት ለይቶ አይቷል። ይህ ለነገ ዋስትና አይሆንም። ሆኖም የመጀመሪያ ቤቱን ሊኖርበት የሚገዛ ሰውና ሦስተኛ ቤቱን ሊያተርፍበት የሚገዛ ሰው የተሸከሙት ሥጋት አንድ ዓይነት አለመሆኑን ያመለክታል።

ዛሬ ያለው ሥርዓት የቆመው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ዜጋው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የገነባው ግን የግል ንብረቱ ነው። በከተማ ለመኖሪያ የሚሰጥ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ይደርሳል። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ መንግሥት ካሣ ከፍሎ ሊወስደው እንደሚችል አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይደነግጋል። እንግዲህ ልማት ሲመጣ ካሣ የሚጠይቀው ማነው? መብቱ በስሙ የተመዘገበለት ነው። ውክልና ይዞ የተቀመጠ ሰው በሕግ ዓይን የሌላ ሰው ወኪል እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ወካዩ ሲሞት ደግሞ ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል።

ሁለተኛው ሥጋት ከገንዘቡ ይመነጫል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በባንክ ብር ያስቀመጠ ቆጣቢ የዓመታት ድካሙ ሲሟሟ አየ። ስለዚህ «ነገሩ እስኪረጋ ልጠብቅ» ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። ብድርም ቢሆን በፖሊሲ ይጠብቃል፤ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የዓመት ብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ ብድር ይፈቀድልኛል ብሎ ያቀደ ሁሉ ዕቅዱን እንደገና ማየት ነበረበት። የባንኩን ማረጋገጫ በእጃችሁ ሳትይዙ ቀብድ አትክፈሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውሉን ያፈረሰው ቀብድ ሰጪው ከሆነ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከሆነ ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ሦስተኛው ሥጋት ከገቢያችን ጋር የተያያዘ ነው። ነውጥ ሲመጣ ድርጅት ይዘጋል፣ ደመወዝ ይዘገያል፤ የብድሩ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ በውሉ ላይ ከተስማማችሁ፣ ባንክ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈለው ሲቀር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ሊሸጥ ይችላል። ቤታችሁን ለማጣት የመንግሥት ለውጥ አያስፈልግም፤ ጥቂት ያልተከፈሉ ወራት ይበቃሉ። ስለዚህ ቅድመ ክፍያውን ለመሙላት የመጨረሻዋን ሳንቲም የሚያራግፍ ሰው፣ ቤቱ ርካሽ እንኳ ቢሆን፣ ውድ አድርጎ ገዝቶታል። ቢያንስ የስድስት ወር ክፍያ የሚሸፍን ተቀማጭ አስቀሩ እላለሁ፤ ይህ የሕግ ሳይሆን የአባወራ ምክር ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። «ጊዜው ጥሩ ነው ወይ?» የሚለውን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው በእርግጠኝነት ሊመልስላት አይችልም። መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ግን አሉ። ካርታው በሻጩ ስም ነው? በማኅደሩ ላይ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ አለ? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ተስማምቷል? የቤተ ሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በአንዱ ፈቃድ ብቻ እንዳይሸጥ ይከለክላልና። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት ይፈረማል? ስመ ሀብቱስ ወዲያው ይዛወራል? የእነዚህ ሁሉ መልስ «አዎን፣ ንጹሕ ነው» ከሆነ፣ ክፍያውም በክፉ ቀን የሚቻል ከሆነ፣ ልትኖሩበትም ከሆነ፣ ግዙ። አንዱ እንኳ ከጎደለ የዋጋው መርከስ አያታልላችሁ።

እኛ ያን የኅዳር ቤት አልገዛንም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከእርሱ የጠበበና ከከተማው የራቀ ቤት በበለጠ ዋጋ ገዛን። ባለቤቴ አሁንም አልፎ አልፎ «ያ ቤት…» ትለኛለች። ያን ቤት የወሰደው ሰው ምናልባት በሰላም ይኖርበት ይሆናል፤ ይህን አልክድም። ጥንቃቄ ኪሳራ እንደሌለበት አድርጌ ብነግራችሁ እዋሻችኋለሁ። እኔ የከፈልኩት ልዩነት ግን ሌሊት በሩን ስዘጋ በስሜ የተመዘገበውን በር እንድዘጋ አስችሎኛል። ልጆቼን ይዤ ለምኖር ለእኔ ይህ በቂ ነበር።